ለሁሉም የተፈቀደ ጨዋታ

አሌክሳንድሪያ፣ ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ሩሃማ፣

የጥምቀቱ በረከት ይድረስሽ። እኔም ባለቤቴ ታደለችም ከጉልበታችን በቀር ደህና ነን። ያንቺን ጤንነት አልጠይቅም፤ እሁድ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስትዘጊው ክንድሽ ብርቱ እንደሆነ ተረድቻለሁ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ስልክ የዘጋብኝ የመጀመሪያዋ ሰው የአክስቴ ልጅ የወለደቻት አንቺ ትሆኛለሽ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከእንግዲህ በስልክ አላናግርሽም። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም። መልስ ካለሽ ቴምብር ለጥፈሽ ላኪ።

ሳልጨርስ ስለዘጋሽብኝ ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ እኔ በወዲያኛው ክፍል ጋዜጣ ሳነብ የልጄ ልጅ ዳጊ መጣና እጅጌዬን ጎተተኝ። «አባባ፣ ሀሴት ሰው ገደለች» አለኝ። ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቀልድ ገና አያውቅም። መነጽሬን አስቀምጬ ሄድኩ። ልጅሽ ምንጣፉ ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ሰው ተንበርክኮ እጁን ዘርግቶ ይለምናታል፤ ከፊቱ የጠመንጃ አፈሙዝ ተደቅኗል፤ ጠመንጃው የሷ ነው። ሳንድዊቿን አንዴ ገመጠች፣ ሳህኑ ላይ መለሰችው፣ ተኮሰች።

«ምንድነው ይሄ?» አልኳት። «ጌም ነው አባባ» አለችኝ። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። የጨዋታውን ስም ገልጣ እንድታሳየኝ አደረግሁ፤ ከጎኑ «ኤም» የምትል ፊደል አለች፣ ከሥሯ አሥራ ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ ይላል። እኔ የማውቃት ሀሴት የጫማ ክር ማሰር የለመደችው ባለፈው ፋሲካ ነው።

ስለዚህ ከእንግዲህ ቅዳሜና እሁድ ልጅሽን አታምጪብኝ። ዳጊ ከዚያ ቀን ጀምሮ በጣቱ እየተኮሰብን ነው፤ ታደለችን ትናንት ብቻ ሁለት ጊዜ ገድሏታል። እኛ ቤት ያስቀመጥሽውን የጨዋታ መሣሪያም መጥተሽ ውሰጂ። እናትሽ ነፍሷን ይማርና አንድ እርሳስ ስትገዛልሽ እንኳ ጫፉ እንዳይወጋሽ በጣቷ ነክታ ነበር። አንቺ ጠመንጃ ገዝተሽ ላክሽልን።

ልቡና ይስጥሽ።
ሀብተማርያም


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጃንዋሪ 26፣ 2026

ለጋሼ ሀብተማርያም፣

እንደምን ከረሙ? እትዬ ታደለችስ እንደምን ናቸው? ዳጊስ እስከ ዛሬ ስንት ሰው ገደለ? እኛ፣ እኔና ገዳይዋ ልጄ፣ ደህና ነን።

ስልኩን የዘጋሁት «አንቺ እናት አይደለሽም» ስላሉኝ ነው። ያቺን ቃል ደብዳቤዎ ላይ አላገኘኋትም። ወረቀት አይዘጋም ብለዋል፤ ለካስ ወረቀት ይረሳል።

አሁን ያዳምጡኝ። እኔ ለልጄ በሕይወቴ «ኤም» የሚል ነገር ገዝቼ አላውቅም። ዝም ብዬ የማነሣ መስሎዎት ከሆነ ተሳስተዋል። ሳጥኑን ገልብጬ አነባለሁ። የገዛሁላት አንድ ጌም ብቻ ነው፤ ግንብና ቤት እየገነቡ የሚጫወቱት፣ «ኢ» የሚል ፊደል ያለበት። «ኢ» ማለት ለሁሉም ማለት ነው፤ ለሕፃንም ይሆናል ማለት ነው። ይህን ፊደል ሥራቸው የሆነ ሰዎች አይተው ነው የሚሰጡት። መሣሪያውም የልጁን ዕድሜ አይቶ ከዕድሜው በላይ የሆነውን ይቆልፋል። እንግዲህ እኔ ቤት ሊገባ የማይችል ነገር እርስዎ ቤት እንዴት ገባ? የዳጊ አባት፣ ልጅዎ ክፍሉ፣ ከሮክቪል ሲመጣ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ምን እንደሚጫወት ጠይቀውታል?

ጠመንጃ ያስተማርኩትም እኔ አይደለሁም። ዳጊን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ነጻ ትግል የሚያዩ፣ ሰው ጀርባ ላይ ወንበር ሲሰበር «በለው!» የሚሉ አንድ አዛውንት አውቃለሁ። እዚያ ላይ ምን የሚል ፊደል ነበረ?

እርስዎ የተቆጡበት ነገር አንድ ጌም ነው። እኔ የማጣው ግን ሌላ ነው፤ ይህንንም በደንብ ያውቃሉ። ነርሲንጉን ልጨርስ የቀረኝ ይኼ ሴሚስተር ነው። ክሊኒካሉ፣ ሆስፒታል ገብተን የምንለማመድበት ማለቴ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ነው። ሦስት ቀን የቀረ ይባረራል። እርስዎ በራፍዎን የዘጉ ጊዜ አንዱን ቀረሁ። አባቷ ዳላስ ከገባ ወዲህ ከእርስዎ በቀር ዘመድ የምለው የለኝም፤ ያውም የእናቴ የአክስት ልጅ። አሁን ከፎቅ በታች ያሉት ወይዘሮ ሸዋዓለም ይዘውልኛል፤ እሳቸው ግን ማርች አሥር ወደ አገር ቤት ይበራሉ።

መሣሪያውን ልወስድ አልመጣም። ይቅርታ በተጠየቅሁ ቀን እመጣለሁ።

ሩሃማ


አሌክሳንድሪያ፣ ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሩሃማ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሰላምታው አጭር፣ ስድቡ ረጅም ነው፤ በተቃራኒው እንዲሆን የተማርሽ መስሎኝ ነበር።

ክፍሉ ከገና ወዲህ ደጃችንን አልረገጠም። ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀሚ። ነጻ ትግሉ ደግሞ የውሸት መሆኑን ዳጊ ራሱ ያውቃል፤ «አባባ፣ ወንበሩ ካርቶን ነው» ብሎ የነገረኝ እሱ ነው።

ወደ ፊደልሽ ልምጣ። እንዲያ ስትታበዪባት ጊዜ ላያት ፈለግሁ። ሐሙስ ዕለት አውቶቡስ ተሳፍሬ እነዚህ ሳጥኖች የሚሸጡበት ሱቅ ሄድኩ። የማጉያ መስታወቴን ይዤ መደርደሪያው ፊት አንድ ሰዓት ቆምኩ። ሻጯ «ምን ልርዳዎት?» አለችኝ። «ይህን ፊደል የጻፈው ማነው?» አልኳት። «ደረጃ የሚሰጡት ናቸው» አለችኝ። «ተጫውተውት ነው የሚሰጡት?» ስላት ትከሻዋን ሰበቀችና ወደ ሌላ ሰው ሄደች።

ስለዚህ ልጄን ክፍሉን በስልክ ጠየቅሁት፤ ኮምፒውተር ይነካካል። እንደነገረኝ ከሆነ ጨዋታውን የሠራው ድርጅት ራሱ ፎርም ይሞላል፤ ክፉ ክፉውን ቦታ በቪዲዮ ቆርጦ ይልካል፤ የተቀመጡ ሰዎች ያንን አይተው ፊደል ይሰጣሉ። እንዲህ ሲለኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሩሃማ፣ እኔ አሥራ አራት ዓመት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበርኩ። ኢንስፔክተር ከአውራጃ ሲመጣ ፎርሙን የምሞላው እኔ ነኝ። «ሽንት ቤት አለ?» ይላል፤ «አለ» እላለሁ። ጣሪያው በሚያፈሰው በሦስተኛ ክፍል በኩል አናሳልፈውም። ዶሮውን ይበላል፣ ይፈርማል፣ «በጣም ጥሩ» የሚል ደረጃ አግኝተን እናጨበጭባለን። በዚያ «በጣም ጥሩ» ሥር ልጆቹን ዝናብ ይመታቸው ነበር። እና አንቺ የደረጃን ነገር ለእኔ ታስተምሪኛለሽ!

ደሞስ «ለሁሉም» ማለት ምን ማለት ነው? ለዳጊም ለእኔም እኩል የሚሆን ጫማ አይቼ አላውቅም። ሁሉም የሚባል ልጅ የለም። ሀሴት አለች፣ ዳጊ አለ። አንዱ ሸረሪት ይፈራል፣ አንዷ ሰው ሲቆጣት ቋንቋ ይጠፋባታል። ያ ፊደል የጻፈው ሰው ሀሴትን አያውቃትም። አንቺ ታውቂያታለሽ፤ ግን ከሱ ጠየቅሽ። በልጅሽና በጅቡ መካከል ያቆምሽው አንድ ፊደል ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

መሣሪያውን እስከ የካቲት አጋማሽ ካልወሰድሽ ሰገነቱ ላይ አወጣዋለሁ። ዘንድሮ በረዶው ብዙ ነው።

ማስተዋሉን ያድልሽ።
ሀብተማርያም


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ፌብሩዋሪ 9፣ 2026

ለጋሼ ሀብተማርያም፣

ጤናውን ከልቤ እመኝልዎታለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ሲያነቡ ያስፈልግዎታል። ባይቆሙም ይመረጣል።

ፊደል የአህያ ባል ነው ብለውኛል። ጥሩ። ዛሬ ጠዋት የመሣሪያው ካምፓኒ ዘንድ ኮል አድርጌ አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ካሰሙኝ በኋላ አንዲት ሴት አነሣች። «የዘጠኝ ዓመት ልጄ አካውንት ላይ ኤም የሆነ ጌም እንዴት ሊገባ ቻለ?» አልኳት። ፈለገች፣ ፈለገችና «እመቤቴ፣ ይህ የልጅ አካውንት አይደለም፤ ባለቤቷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ጌሙም በነጻ የሚወርድ ነው፤ ለአሥራ ሰባት ዓመት ሰው ክፍት ነው» አለችኝ። «ማነው አሥራ ሰባት ያለው?» ስላት «የልደት ቀኗ ሴፕቴምበር አራት፣ 2008 ተብሎ ተሞልቷል» አለችኝ።

ጋሼ፣ ሀሴት የተወለደችው ሜይ 12፣ 2016 ነው። እርስዎም ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ነበሩ፤ ያን ዕለትም ቀኑን በዳዊትዎ ልባስ ላይ እንደጻፉት አስታውሳለሁ። እና ይህ ሴፕቴምበር ከየት መጣ ብዬ ስብሰለሰል ቆየሁ። ከዚያ ወረቀት አወጣሁ። ሜይ 12 በእኛ ግንቦት 4 ነው። 2016 በእኛ 2008 ነው። ግንቦት ዘጠነኛ ወር ነው። ዘጠኝ፣ አራት፣ ሁለት ሺህ ስምንት!

ኖቬምበር ላይ መሣሪያውን ሳመጣው «አንቺ ለሥራሽ ሂጂ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ፤ እንግሊዝኛ ለማንበብ አስተርጓሚ አልፈልግም» ያሉኝ ማን ነበሩ? መሣሪያው «ይህች ልጅ መቼ ተወለደች?» ብሎ በትሕትና ጠየቀ። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ዳዊታቸውን ገልጠው መለሱለት። እሱ ምን ያድርግ? አመነዎት። ሠላሳ ዓመት አሜሪካ ኖረው የዚህ አገር ማሽን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚቆጥር መስሎዎት!

ስለዚህ ልጄን አሥራ ሰባት ያስገቡልኝ እርስዎ ነዎት። እንግዲህ መንጃ ፈቃድ ታውጣና ቅዳሜ ቅዳሜ በቤልትዌይ አውራ ጎዳና ራሷ ነድታ ትምጣልዎት። በሚቀጥለው ምርጫም ድምፅ ትስጥ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው። እናት አይደለሽም ላሉኝ ሰው ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

የምለው አንድ ብቻ ቀርቶኛል። ቅዳሜ ወይዘሮ ሸዋዓለም ጉንፋን ጥሏቸው ሁለተኛውን ቀን ቀርቻለሁ። ከእንግዲህ አንድ ቀን ከቀረሁ እባረራለሁ።

እትዬ ታደለችን ይሳሙልኝ።
ሩሃማ


አሌክሳንድሪያ፣ የካቲት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሩሃማ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩት ታምሜ አይደለም። ታደለች ደብዳቤሽን አንብባው «አሥራ ሰባት!» እያለች ቤቱን ስትዞርበት ስለሰነበተች ነው። ምሳ ስታቀርብልኝ «ለአሥራ ሰባት ዓመቷ ልጅ ባል እንፈልግላት ይሆን?» ትለኛለች። አርባ ሦስት ዓመት አብሬያት ስኖር እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

አዎ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማሽኑ በየትኛው አቆጣጠር ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ሁለታችንም ማይሞች ነበርን፤ እሱ ግን ዳይሬክተር ሆኖ አያውቅም። አጥፍቻለሁ። «እናት አይደለሽም» ያልኩሽም ከአፌ መውጣት ያልነበረበት ነው። እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በደንብ አስቀምጪያቸው፤ ሦስተኛ አልጽፍም።

ይቅርታውን ብቻ ጽፌ ልልክ ብዕር አንሥቼ ነበር። ከዚያ ግን መሣሪያውን ሳላየው ብፈርም እንደዚያ ዶሮ እንደበላው ሰውዬ እሆናለሁ ብዬ ተውኩት። ዳጊን ጠርቼ «ክፈትልኝ» አልኩት። የመግደያውን አይደለም፤ እሱን ከእንግዲህ ማንም እዚህ ቤት አይከፍተውም። ያንቺን ነው፤ የገዛሽላትን፣ «ለሁሉም» የሚለውን።

ልጅሽን የምትመስል፣ ሁለት ጉንጉን ያላት አሻንጉሊት ብቅ አለች። አንድ ትልቅ ግንብ በር ፊት ቆማለች። «ለምንድነው የቆመችው?» አልኩት ዳጊን። «በር ትጠብቃለች።» «ማን አዘዛት?» «ትልልቆቹ ልጆች።» ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አጠለቅሁ። ሦስት ናቸው፤ ድምፃቸው መጎርነን የጀመረ፣ አሥራ ሦስት አሥራ አራት ዓመት የሚሆናቸው። ከየት እንደሆኑ ዳጊም አያውቅም። እሷ የገባች መስሏቸው «ቤቢ መጣች» ብለው ተንጫጩ። «በሩን ትተሽ የት ሄድሽ? ደደብ! ስንት ሳምንት ጠፋሽ?» አሏት። ሩሃማ፣ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ብዙ ባለጌ ተማሪ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ብልግና የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው፤ ያኔም በጆሮው ይዤ አወጣው ነበር። እዚህ ጆሮ የለም።

ዳጊ የነገረኝ ይህን ነው። ግንቡን የሠራችው ሀሴት ነች፤ ብቻዋን፣ ድንጋይ በድንጋይ። እነሱ መጡና ውስጥ ገቡ። «አንቺ ትንሽ ነሽ፣ በር ላይ ቁሚ፤ በደንብ ከጠበቅሽ እናስገባሻለን» አሏት። ከተንቀሳቀሰች ከራሷ ግንብ ያባርሯታል። በየአምስት ደቂቃው አንድ ቁልፍ ካልነካች ደግሞ ጨዋታው ራሱ ተኝታለች ብሎ ያስወጣታል። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እኔ ከግድግዳው ወዲያ ጋዜጣ ሳነብ ልጅሽ በር ላይ ቆማ ነበር። በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል፤ እኔ ደሞ ውሃ አቀብላት ነበር።

ሳጥኑን በማጉያ መስታወት እንደገና አየሁት። ከፊደልሽ ሥር፣ ጉንዳን በምታክል ጽሑፍ፣ በኢንተርኔት የሚመጡት ሰዎች ደረጃ እንዳልተሰጣቸው ይናገራል። ፊደሉ የተሰጠው ለቤቱ ነው፤ እቤቱ ውስጥ ለሚገባው ሰው አይደለም። አንቺም አላነበብሽውም፣ እኔም ሱቅ ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜ አላነበብኩትም።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ያንን የመግደያውን ለምን ፈለገችው? አንቺ ጠይቂያት። እኔ ብጠይቃት ትፈራኛለች።

ሀብተማርያም


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ማርች 9፣ 2026

ለጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች አስቀምጫቸዋለሁ።

ጠየቅኋት። ከትምህርት ቤት ስወስዳት መኪናውን ፓርክ አድርጌ ሞተሩን ሳላጠፋ ጠየቅኋት፤ ፊት ለፊት ስንተያይ አትናገርም። መጀመሪያ «አይ ዶንት ኖው» አለችኝ። ጓንቷን ታወልቃለች፣ መልሳ ታጠልቃለች። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ መስኮቱን እያየች፣ «እዚያኛው ውስጥ ማንም አያናግረኝም» አለችኝ። በር ጠብቂ የሚላት የለም። ልጆቹ ስቀውባት በወጡ ጊዜ ወደዚያ ትሄድ ነበር። ያ እኔና እርስዎ ሁለት ወር የተሰዳደብንበት ጌም ማረፊያዋ ነበር፣ ጋሼ። ልጄ ለማረፍ ሰው መግደል ነበረባት።

«ስለ ልጆቹ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ዞራ አየችኝ፤ ጥያቄው ገርሟት። «አንቺ ለሁሉም ነው ብለሻል» አለችኝ። «ለሁሉም ከሆነ፣ እኔ ነኝ የማልችለው ብዬ።»

ከዚያ በኋላ ሞተሩን አጠፋሁት።

እኔ በሥራዬ ሰው ሲታመም የት ላይ ያምዎታል ብዬ ነው የምጠይቀው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ብቻ አንብቤ መድኃኒት አልሰጥም። ልጄን ግን ሳጥን አንብቤ ተውኳት፤ አነበብኩ ብዬም ኮራሁ። እርስዎ የአህያ ባል ሲሉኝ ያናደደኝ እውነት ስለሆነ ነው። አሁንም ያናድደኛል። እርስዎም ቢሆኑ ከግድግዳው ወዲያ ነበሩ፤ ይህንን ልተውልዎ አልችልም፣ ለራሴም አልተውኩትም።

ወይዘሮ ሸዋዓለም ነገ ይበራሉ። ሌላ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። በፊት ይቅርታ ካልጠየቁኝ አልመጣም ብዬ ነበር፤ አሁን የምለምነው እኔ ነኝ። ሀሴትን ይያዙልኝ። እስከ ሜይ ብቻ። አካውንቱ የሚስተካከልበትን ፓስወርድ በሌላ ወረቀት ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ፤ ቀኑን እርስዎ እንዲያርሙት ነው፣ እባክዎ በፈረንጆቹ። ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በርዎ ላይ እንሆናለን። ባይከፍቱልን ይዣት እመለሳለሁ፤ ሦስተኛውን ቀን እቀራለሁ፤ አራት ዓመት የለፋሁበትም እዚያው ላይ ያበቃል።

ሩሃማ


አሌክሳንድሪያ፣ መጋቢት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ

ለልጄ ለሩሃማ፣

ይህን ደብዳቤ ቴምብር አልለጥፍበትም፤ ስትመጪ ከእጄ ትቀበይኛለሽ። ጠዋት በሩን ስከፍትልሽ ዩኒፎርምሽ ያምርብሻል ልልሽ ነበር፤ አሳንሰሩ ቀደመኝ።

የልደት ቀኗን አርሜዋለሁ። ግንቦት የሚባል ወር እንደሌለ አድርጌ ጻፍኩት። ማሽኑም ወዲያው መግደያውን ቆለፈው። ሀሴት አየችና ግንቡን እንድከፍትላት ጠየቀችኝ። «አብሬሽ እቀመጣለሁ» አልኳትና ወንበር ስቤ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ገና ስትገባ «ቤቢ፣ በር!» አሏት፤ ሄዳ ቆመች። «ተዪው፣ ውጪ!» አልኳት። «ከተንቀሳቀስኩ ያስወጡኛል» አለችኝ። «ያስወጡሽ! የባለጌ ቤት ምን ያደርግልሻል?» አልኳት። «የነሱ ቤት አይደለም» አለችኝ። «እኔ ነኝ የሠራሁት።»

የዳይሬክተር ንግግር ጀመርኩ፤ ስለ ክብር፣ ስለ ጓደኛ ምርጫ። ሳልጨርስ ድምፅ ሳታሰማ ማልቀስ ጀመረች፤ ጣቷ ግን ቁልፉን አልለቀቀም። ተነሥቼ ገመዱን ልነቅለው ያዝኩት። ቀና ብላ አየችኝ። ብነቅለው አራተኛው ባለጌ እኔ እሆንባት ነበር። ገመዱን ለቅቄ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሰባ አንድ ዓመት ሰው ስገሥጽ ኖሬ ለአንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚሆን ቃል አጣሁ። አፍሬያለሁ፤ ይህንን ለሌላ ሰው አላወራውም።

ስድስት ሰዓት ላይ ደመናው ተገፎ ፀሐይዋ ወጣች። ታደለች ዳጊን ኳሱን አስይዛ ወደ ታች ልትወርድ ስትል «ሀሴትስ?» አለች። ሀሴት መስኮቱን አየች፣ ስክሪኑን አየች፣ መስኮቱን አየች። መውጣት ፈልጋለች፤ በሩን ግን ለማን ትተወው? እንግዲህ ያን ጊዜ ነው ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውልቃ ወደ እኔ የዘረጋችው። «አባባ፣ ትጠብቅልኛለህ?» አለችኝ። አንተ አለችኝ፤ አላረምኳትም። የትኛውን ቁልፍ በየስንት ደቂቃው እንደምነካ ሁለት ጊዜ አሳየችኝ። «እንዳትንቀሳቀስ» ብላ አስጠንቅቃኝ ሮጣ ወጣች።

ማንን እንደምታስጠነቅቅ አታውቅም፤ እኔ ክሪስታል ሲቲ ከመሬት በታች ባለ ጋራዥ በር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጬ ትኬት ስቀበል ኖሬያለሁ። ቤቱን ዳይሬክተር ነበርኩ እያልኩ እሞላዋለሁ እንጂ ልጆቼን ያሳደግሁት በዚያ በር ነው። ይህን ሥራ የሚያስተምረኝ የለም። ልጆቹ አንድ ጊዜ አናገሩኝ፤ መለስኩላቸው። ድምፄን ሲሰሙ አንዱ «ስንት ዓመትህ ነው?» አለኝ። «ሰባ አንድ» አልኩት። በጣም ሳቁ። ይሳቁ።

ሁለት ሰዓት ሊሞላኝ ነው። ወደ ላይ አልተመለሰችም፤ እኔም አልጠራኋትም። በአንድ እጄ እጽፍልሻለሁ፣ በአንድ እጄ ቁልፉን እነካለሁ፤ ጽሑፌ ከተንጋደደ በዚህ ነው። በሰገነቱ በኩል የሀሴት ድምፅ ይሰማኛል፤ ዳጊን በአማርኛ «አታጭበርብር!» ትለዋለች፤ ታደለች ዳኛ ሆናለች። ግንቡን ለመተው አንድ ቀን ራሷ ትወስናለች። እስከዚያ ቅዳሜም እሁድም አምጪያት። አንቺ ሥራሽን ጨርሺ።

እነዚያ ባለጌዎች በየጥቂት ደቂቃው እየመጡ «በሩ ላይ አለህ?» ይሉኛል። «አለሁ» እላቸዋለሁ።

ሀብተማርያም